የካስቲል ሳሙናና የኖራው ምስጢር

በ1739 ሰኔ ወር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለንደን ጋዜት የተባለው የእንግሊዝ መንግሥት ጋዜጣ የአንድ መድኃኒት አሠራር ይፋ አደረገ። የመድኃኒቱ ባለቤት ጆአና ስቲቨንስ ትባላለች። ሐኪም አይደለችም። የፊኛ ጠጠርን ያሟሟል የተባለ መድኃኒት ይዛ ለዓመታት ስታክም የኖረች፣ ምስጢሩን ግን ለማንም ያልገለጠች ሴት ናት። በመጨረሻ ፓርላማው 5,000 ፓውንድ እንዲከፈላት በሕግ ወሰነና ምስጢሩን ከእጇ ገዛ። ጋዜጣውን የገለጠ ሰው ያነበበው ይህን ነው፤ የተቃጠለ የእንቁላል ቅርፊት፣ የተቃጠለ ቀንድ አውጣ፣ የዱር ካሮት ዘር፣ ልዩ ልዩ ቅጠላ ቅጠል፣ ማር፣ ከዚህ ሁሉ ጋር ደግሞ ሳሙና። የሚታጠቡበት ሳይሆን የሚውጡት ሳሙና።

ሳሙና መብላት ዛሬ ሲሰሙት ያንገፈግፋል። የዚያን ዘመን በሽተኛ ግን የሚያነጻጽረው ከቢላዋ ጋር ነበር። ሰውን አደንዝዞ ቀዶ ጥገና ማድረግ በይፋ የታየው በ1846 ነው። ከዚያ በፊት የፊኛ ጠጠር ያለበት ሰው ጠረጴዛ ላይ ታስሮ፣ ጠንካራ ወንዶች እጅና እግሩን ይዘውት፣ እያየና እየሰማ ይቀደድ ነበር። ያን የሚያስቀር ነገር ከተገኘ እንኳን ሳሙና ሌላም ይዋጣል። የእንግሊዝ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር የሚባለው ሮበርት ዋልፖል ራሱ የጠጠር በሽተኛ ነበር። በመጨረሻ ዘመኑ ዶክተር ጀምስ ጁሪን ከስቲቨንስ መድኃኒት ተነሥቶ የቀመመለትን ብርቱ ፈሳሽ ወሰደ። ፈሳሹ ሳሙና ሠሪዎች ዘይቱን የሚያፈሉበት ያ የሚያቃጥል የአመድ ውኃ ነበር። ዋልፖል በመጋቢት 1745 ሞተ፤ ሐኪሞቹም ጥፋቱ የማን እንደሆነ በየፊናቸው በራሪ ጽሑፍ እያሳተሙ ተወነጃጀሉ።

ስቲቨንስ በአሠራሯ ላይ የመረጠችው ሳሙና እንዲሁ የተገኘውን አይደለም። ምርጡ የአሊካንቴ ሳሙና ይሁን ትላለች። አሊካንቴ በሜዲትራኒያን ባሕር ዳር ያለች የስፔን ወደብ ናት። ከዚያ አገር የሚመጣውን ጠንካራ፣ ነጭ፣ ሽታ የሌለው ሳሙና የአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ከአሊካንቴም ይምጣ ከሌላዋ የስፔን ከተማ ከሴቪያ በአንድ የወል ስም ያውቁታል፤ የካስቲል ሳሙና።

ካስቲል የመንግሥት ስም ነው። በስፔን ሰሜናዊ ደጋ ላይ ከአረብ ገዢዎች ጋር በሚዋጋ ድንበር የተሠሩት ብዙ ግንቦች ለአገሩ ስም ሆኑ። ካስቲያ ማለት የግንቦች ምድር እንደማለት ነው። በድሮ የእንግሊዝ ጽሑፎችም ሳሙናውን «የግንብ ሳሙና» ብለው የጻፉት አሉ፤ ሳያውቁት የስሙን ሥር ነክተዋል። መንግሥቱ በ1230 ከሌዮን ጋር ተጠቃለለ፣ በ1248 በንጉሥ ፈርናንዶ ሦስተኛው ዘመን ሴቪያን ያዘ፣ በ1469 ደግሞ ኢሳቤላ የአራጎኑን ፈርናንዶ አገባችና የኋላዋ ስፔን ተፀነሰች። ለእኛም ይህ አገር ፍጹም ባዕድ አይደለም። በ1618 ግሽ ዓባይ ምንጭ ዳር ቆሞ ያየውን የጻፈው፣ ከአፄ ሱስንዮስ ጋር የዋለው ጴጥሮስ ፓኤዝ ከማድሪድ አቅራቢያ የተወለደ የካስቲል ሰው ነበር።

ነገር ግን ስሙ ውስጥ የማይገጥም ነገር አለ። ሳሙናው የሚሠራው ከወይራ ዘይት ነው። የጥንቷ ካስቲል ደግሞ ክረምቱ የሚያንዘፈዝፍ፣ ስንዴና በግ የሚበዛበት ደጋ ናት፤ ወይራ እንዲህ ያለውን ብርድ አይወድም። (የእኛው ወይራ፣ የጠላ ጋንና የወተት ዕቃ የምናጥንበት፣ የዚያው ዛፍ የሥጋ ዘመድ ነው፤ ፍሬው ግን እንደ እነሱ ዘይት አይወጣለትም።) አሊካንቴም ብትሆን በአራጎን ዘውድ ሥር የነበረው የቫሌንሲያ መንግሥት ወደብ እንጂ የካስቲል አልነበረችም። ታዲያ ስሙ ከየት መጣ? መልሱ ያለው በ1248ቱ ዘመቻ ነው። ካስቲል ሴቪያን ስትይዝ ከከተማዋ ጋር የወይራ አገር የሆነውን ሰፊ ቆላ ያዘች፤ ከቆላው ጋርም አረቦቹ ሲሠሩበት የኖሩትን የሳሙና ጥበብ ወረሰች። ነጋዴ ዕቃን የሚጠራው በባለዘውዱ ስም ነውና የዚያ ቆላ፣ የአንዳሉስ፣ እጅ የሠራው ሳሙና የካስቲልን ስም ይዞ መርከብ ላይ ወጣ።

ሳሙና የሚለው ቃል ራሱ የዚህን መንገድ አሻራ ይዟል። የላቲኑ ሳፖ፣ የአረቡ ሳቡን፣ የስፔኑ ሃቦን፣ የእኛም ሳሙና አንድ ቤተሰብ ናቸው። እኛ ዘንድ የደረሰው በአረብኛ በኩል ነው። በሶርያዋ ሐለብና በፍልስጥኤሟ ናብሉስ የወይራ ሳሙና ዛሬም በእጅ ይሠራል፤ ዩኔስኮ ሁለቱንም በ2024 በቅርስነት መዝግቧቸዋል። የካስቲል ሳሙና የእነዚህ ታናሽ ወንድም ነው።

አሁን ወደ ሴቪያ እንግባ። ወንዙን ተሻግሮ ትሪያና የሚባል ሰፈር አለ። በንጉሥ ፈቃድ የሚሠራው ትልቁ የሳሙና ቤት እዚያ ነበር፤ ያለ ፈቃድ ሳሙና መሥራት ክልክል ስለሆነ ፈቃዱ ራሱ እንደ ርስት የሚሸጥ የሚለወጥ ሀብት ነበር። የብሪስቶሉ ነጋዴ ሮበርት ቶርን እንኳ በ1520ዎቹ ሴቪያ ተቀምጦ በሳሙናው ንግድ ድርሻ ነበረው። ሥራው የሚጀምረው ከዘይቱ ሳይሆን ከአመዱ ነው። በስፔን ጨዋማ ባሕር ዳርቻ ባሪላ የሚባል ወፍራም ቅጠል ያለው ተክል ይበቅላል። ያጭዱታል፣ ያደርቁታል፣ ጉድጓድ ውስጥ ያቃጥሉታል። አመዱ በሙቀቱ ብዛት ቀልጦ ሲበርድ እንደ ድንጋይ ይጋገራል፤ በመዶሻ ተሰብሮ በመርከብ የሚጫነው እሱ ነው።

ይህ አመድ የሳሙናው ዕጣ ፈንታ ነበር። በሰሜን አውሮፓ ሳሙና ሠሪዎች የሚጠቀሙት የእንጨት አመድ ነው፤ ከእሱ የሚወጣው ፖታሽ ይባላል፤ ሳሙናውም እንደ ሊጥ ለስላሳ ይሆናል። ስቡም የከብት ሞራ ወይም የዓሣ ዘይት ስለሆነ ይሸታል። ከባሕር ዳር ተክል የሚወጣው ግን ሶዳ ነው፤ ሶዳ ሳሙናን ያጠነክራል። ሁለቱ አመዶች የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በሙከራ ያስረዳው ፈረንሳዊው ዱአሜል ዱ ሞንሶ ሲሆን ዘመኑ 1736 ነው። የትሪያና ሠራተኞች ግን ባሪላውን ከሌላው አመድ ለይተው ሲመርጡ ብዙ መቶ ዓመት ሆኗቸው ነበር።

አመዱ ተወቅጦ በውኃ ይዘፈዘፋል። ይህ ውኃ ብቻውን ዘይትን ሳሙና አያደርግም፤ ቢያደርግም በጭንቅ ነው። ስለዚህ ሠራተኛው አንድ ነገር ይጨምራል፤ ከእሳት የወጣ ኖራ። ኖራው ሲገባ ውኃው ይለወጣል። ቀድሞ ጣት ላይ ሙልጭልጭ ሲል የነበረው አሁን ቆዳ ይልጣል፣ የሱፍ ክር ይበላል። ከገንዳው ሥርም ነጭ ጭቃ ይዘቅጣል። ጭቃውን ትተው ጥሩውን ውኃ ወደ ሰታቴው ይቀዱታል፣ ከወይራ ዘይቱ ጋር ለቀናት ያፈሉታል፣ ጨው ጨምረው ሳሙናው ወደ ላይ እንዲንሳፈፍ ያደርጉታል፣ ከዚያ በሰፊ ወለል ላይ አፍስሰው ይቆርጡታል፣ ያደርቁታል።

ኖራው ምን አደረገ? ይህን የጠየቀ ሁሉ የሚያገኘው አንድ መልስ ነበር። ኖራ እቶን ውስጥ ሲቃጠል እሳት ይጠጣል፤ ውኃ ሲነካው የሚግለው ለዚህ ነው፤ የአመድ ውኃ ውስጥ ሲገባም የጠጣውን እሳት ለአመዱ ያካፍለዋል፤ የሚያቃጥለውም እሳቱ ነው። መልሱ ያምራል። እጅህን ያቃጠለህን ነገር እሳት አለበት ቢሉህ ምን ብለህ ትከራከራለህ? እኔም መጀመሪያ ሳነበው እውነት መስሎኝ ነበር።

እጅ የሚያውቀውን አእምሮ ሳይጠይቀው ስንት ዘመን እንደሚያልፍ እኛም አገር ምስክር አለ። በእንዶድ ልብስ ማጠብ አያቶቻችን ሁሉ ያውቁታል። ወንዙ ዳር የሞቱትን ቀንድ አውጣዎች አይቶ «ለምን ሞቱ?» ብሎ የጠየቀው ግን አክሊሉ ለማ ነው፤ በ1964፣ ዓድዋ። ከዚያ ጥያቄ የቢልሃርዝያ መከላከያ ምርምር ተወለደ። እንዶድን አረፋ የሚያስደፍቀው ሳፖኒን የተባለው ንጥረ ነገርም ስሙ ከዚያው ከሳፖ የወጣ ነው።

የኖራውን ጥያቄ የጠየቀው ሰው ሳሙና ሊሠራ የተነሣ አልነበረም። የተነሣው ከጆአና ስቲቨንስ መድኃኒት ነው።

ጋዜጣው ምስጢሩን ካወጣ በኋላ ሐኪሞች ማሰብ ጀመሩ። የተቃጠለ የእንቁላል ቅርፊትና የተቃጠለ ቀንድ አውጣ ማለት ኖራ ማለት ነው። ስለዚህ የመድኃኒቱ ጉልበት ያለው በኖራውና በሳሙናው ላይ ይሆናል። የኤዲንብራው ፕሮፌሰር ሮበርት ዋይት በሽተኞቹን የኖራ ውኃ ያጠጣ ጀመር። ከባሕር ዛጎል የተቃጠለው ኖራ ይበልጣል ይል ነበር። በዚያው ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ቻርልስ ኦልስተን ደግሞ ተራው የኖራ ድንጋይ ምን አነሰው ብሎ ተነሣበት። ሁለቱ ታላላቅ ሰዎች ተጣሉ።

በመካከላቸው አንድ ወጣት ተማሪ ነበር፤ ጆሴፍ ብላክ። አባቱ የወይን ነጋዴ ስለነበር የተወለደው ቦርዶ፣ ፈረንሳይ አገር ነው፤ ዘመኑ 1728። ግላስጎው በዊልያም ከለን ሥር ኬሚስትሪ ተምሮ ሕክምናውን ሊጨርስ ኤዲንብራ መጣ። የመመረቂያ ጽሑፉን ስለ ፊኛ ጠጠር ማሟሟያ ሊጽፍ አስቦ ነበር፤ ነገር ግን ስለ ኖራ ቢጽፍ ከሁለቱ መምህራን አንዱን ማስቀየሙ አይቀርም። ስለዚህ ከኖራ ፈቀቅ ብሎ ማግኒዥያ አልባ የተባለውን ነጭ ዱቄት መረጠ። ዱቄቱ ለጠጠር የሚረባ ሆኖ አልተገኘም። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ ሌላ ርዕስ ይፈልግ ነበር፤ ብላክ ግን ዱቄቱን እሳት ላይ አድርጎ መዘነው።

የዚህ ሰው ትልቅነት ለእኔ ሚዛኑ ላይ ነው። ማግኒዥያው በብርቱ እሳት ሲጋይ ከክብደቱ ከ12 እጅ 7ቱን አጣ። የወጣውን ሊይዝ ቢሞክር ትንሽ ውኃ ብቻ አገኘ። የቀረው የት ሄደ? ደግሞም ያልጋየው ማግኒዥያ አሲድ ሲነካው አረፋ ደፍቆ ይፈላ ነበር፤ የጋየው ግን ጸጥ ብሎ ይሟሟል። ስለዚህ የጠፋው ነገር ያ አረፋ የሚሆነው ነገር፣ አየር መሆን አለበት። ቄሱ ስቲቨን ሄልስ በ1727 ባሳተመው መጽሐፍ ከብዙ ጠጣር ነገሮች ውስጥ አየር እንደሚወጣ አሳይቶ ነበር፤ ከፊኛ ጠጠርም ጭምር። የስቲቨንስን መድኃኒት ከመረመሩት ሰዎች አንዱም እሱ ነው። ሄልስ ግን አየር ሁሉ አንድ መስሎት ነበር።

ብላክ በመጨረሻ ወደ ሸሸው ወደ ኖራ ተመለሰ። 120 ግሬን ጠመኔ መዘነ፤ ከ8 ግራም ትንሽ የሚያንስ ማለት ነው። አቃጠለው፤ 68 ግሬን ኖራ ቀረው። እሳት ጠጥቶ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ መቅለል አልነበረበትም። ቀጥሎ ኖራውን በአመድ ጨው ውኃ ውስጥ ጨመረው፤ ልክ የትሪያናው ሠራተኛ እንደሚያደርገው። ከሥር ነጩ ጭቃ ዘቀጠ። ሳሙና ሠሪዎች ሁሉ የሚደፉትን ያን ጭቃ ብላክ አጠበው፣ አደረቀው፣ መዘነው። 118 ግሬን ሆነ። በሁሉም ፈተና ተራ ጠመኔ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚህች ቁጥር ስል ነው። ጠመኔው ተመልሶ መጥቷል፤ ያጠፋው በመታጠብ የሄደች 2 ግሬን ብቻ ናት። እቶኑ ውስጥ የተወውን አየር አሁን ከየት አገኘው? ከአመዱ ጨው። ስለዚህ ኖራው ለአመዱ ውኃ የሚሰጠው ምንም ነገር የለም፤ ይወስድበታል እንጂ። የአመድ ጨው በተፈጥሮው የሚያቃጥል ነው፤ በውስጡ የታሰረው አየር አለዝቦት ይኖራል። ኖራ ለዚያ አየር የበለጠ ፍቅር ስላለው ከጨው ነጥቆ ራሱ ጠመኔ ሆኖ ይዘቅጣል፤ ጨዉም ሰንሰለቱ እንደተፈታለት ነብር ይሆናል። በሺህ ዓመት ልምድ ውስጥ የተደበቀው ምስጢር ከገንዳው ሥር፣ በሚደፋው ጭቃ ውስጥ ነበር።

ብላክ ሰኔ 11 ቀን 1754 ተመረቀ፤ ሙሉ ሥራውን በ1756 አሳተመ። ያን አየር የታሰረ አየር አለው። ሻማ የሚያጠፋ፣ ከሰው እስትንፋስ የሚወጣ፣ የኖራ ውኃን ወተት የሚያስመስል፣ ከምንተነፍሰው አየር ፍጹም የተለየ ነገር ነው። ዛሬ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንለዋለን። አየር አንድ ሳይሆን ብዙ ዓይነት እንደሆነ ዓለም ያወቀው ከዚህ ተነሥቶ ነው፤ ኬሚስቶቹ ፕሪስትሊና ላቮዋዚዬ የመጡት ከኋላው ነው። መነሻው ግን ለታመመ ፊኛ የሚዋጥ የስፔን ሳሙና ነበር።

የሰታቴው ሌላ ግማሽ፣ የዘይቱ ነገር፣ ገና አልተፈታም ነበር። በ1779 ስዊድን ውስጥ መድኃኒት ቀማሚው ካርል ቪልሄልም ሼሌ የወይራ ዘይትን ከእርሳስ ኦክሳይድ ጋር ሲያሞቅ ጣፋጭ ፈሳሽ ወጣለት፤ ግሊሰሪን ነው። የቀረውን የፈረንሳዩ ሚሼል ዩጂን ሼቭረል ጨረሰው። ከ1811 ጀምሮ ሳሙናን እየፈታ ዘይትና ስብ የአሲዶችና የግሊሰሪን ጥምር መሆናቸውን አሳየ፣ በ1823 መጽሐፉን አወጣ፤ 102 ዓመት ኖሮ በ1889 ሲሞት ስሙ በዚያው ዓመት በተመረቀው የኤፍል ግንብ ላይ ተጽፎ ነበር። ያ ብርቱ የአመድ ውኃ ዘይቱን ከግሊሰሪን አላቆ አሲዶቹን ከሶዳ ጋር ያጋባቸዋል፤ ሳሙና የሚባለው ያ ጋብቻ ነው።

ባሪላውን ያጠፋው ግን ሌላ ፈረንሳዊ ነው። ኒኮላ ለብላን በ1791 ከተራ የገበታ ጨው ሶዳ የሚያወጣበትን ዘዴ አስመዘገበ። ገንዘብ ያወጣለት የኦርሌያን መስፍን በ1793 በፈረንሳይ አብዮት አንገቱ ተቀላ፤ ፋብሪካው ተወረሰ፤ ለብላንም በድህነት ተስፋ ቆርጦ በ1806 ራሱን ገደለ። ዘዴው ግን አውሮፓን ሞላ። ከዚያ በኋላ ጠንካራ ሳሙና ለመሥራት የስፔን ባሕር ዳር ተክል ማቃጠል አላስፈለገም።

መንግሥቱም አብሮ አልቆየም። ከ1707 እስከ 1716 ፊሊፔ አምስተኛው ባወጣቸው ድንጋጌዎች የካስቲልና የአራጎን ዘውዶች በአንድ የስፔን መንግሥት ተጠቀለሉ። ለንደን የካስቲልን ሳሙና በሚውጥበት በ1739 የራሷ ዘውድ ያላት ካስቲል የለችም ነበር። ስሙ ግን በመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ ነገሠ። አሜሪካ ውስጥ ከኮኮናትና ከሞራ የተሠራ ሳሙና ሳይቀር ካስቲል ተብሎ መሸጥ ጀመረ። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ስሙ ለወይራ ዘይት ሳሙና ብቻ ነው ብሎ ጄምስ ኤስ ከርክ የተባለውን የቺካጎ ኩባንያ አገደ፤ በ1932 ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለኩባንያው ፈረደ። እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም። ያ ስም የወይራውን ዛፍ፣ የባሪላውን ጉድጓድና የትሪያናን ሰታቴ ይዞ የመጣ ስም ነው። ፍርዱ ግን ተፈረደ፤ ዛሬ ካስቲል የሚለው ቃል ማንኛውንም ከአትክልት ዘይት የተሠራ ሳሙና ለመጥራት ይውላል።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ክሊኒክ ገብተው ሽንት ስጡ ሲባሉ ከፕላስቲኩ ኩባያ ጋር አንዳንዴ ትንሽ የታሸገ እርጥብ መጥረጊያ ይሰጣቸዋል፤ ናሙናው እንዳይበከል ቀድመው የሚጸዱበት ነው። ከመጥረጊያዎቹ ብዙዎቹ የሚነከሩት በካስቲል ሳሙና ነው። ማሸጊያው ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ የመንግሥቱ ስም ተጽፏል።